በወለድ አገድ የተማርሁት ሒሳብ

በእኛ አገር «ሒሳብ» ማለት ገንዘብ ነው። ሒሳብ እንተሳሰብ፣ የእገሌ ሒሳብ አለብኝ፣ ሒሳቤን አምጣ ይባላል። ስለዚህ እኔ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ እንደምማር አባቴ ለሰው ሲናገሩ፣ ሰሚው ሁሉ የመሰለው ነገ ደብረ ማርቆስ ተመልሼ የግምጃ ቤቱ ሒሳብ ሹም እንደምሆንና የመንግሥት ብር በእጄ እንደሚያልፍ ነበር። አባቴ እንኳ እንዲያ አላሰቡም። ዲማ አጠገብ ባለች የገጠር ደብር የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ፤ ሒሳብ ሲባል የሚታያቸው ባሕረ ሐሳብ፣ ጾምና በዓል መቼ እንደሚውል የሚወጣበት የሊቃውንት ቁጥር ነበር። እሱም አልነበረም የምማረው፤ ግን የሳቸው ስሕተት ማንንም አልጎዳ። የጎዳን የአበዳሪያችን ስሕተት ነው።

ዩኒቨርሲቲው ምግቡም መኝታውም በመንግሥት ነበር። ዕዳው የመጣ ከዚያ በፊት፣ ደብረ ማርቆስ ስማር ነው። ቤት ተከራይቼ፣ ስንቅ እየተላከልኝ፣ ልብስና ጫማ እየተገዛልኝ ነበር የተማርሁ። ስንቁ ከቤት ይመጣል፤ ብሩ ግን ከየት ይምጣ? አባቴ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ያለችውን ጥቁር ዋልካ መሬት፣ ጤፍ የምታበቅለንን፣ ለአንድ የጉንደ ወይን ነጋዴ በወለድ አገድ ሰጡ። ወለድ አገድ ማለት እንዲህ ነው፦ አበዳሪው ወለድ አይጠይቅም፤ በወለዱ ፋንታ መሬቱን እያረሰ ይበላል። ዋናው ብር በአንድ ጊዜ ተሟልቶ እስኪመለስ መሬቱን አይለቅም። ጎደሎ ብር አይቀበልም። የሚለቅበትም ጊዜ አለው፤ አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ አዲስ እርሻ ሳይጀመር። ያ ካለፈ እስከ ከርሞ ነው።

ነጋዴው መጀመሪያ ያበደረን ትንሽ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ግን አባቴ ለመንገድና ለልብስ ጨምርልኝ ቢሉት ሳያንገራግር ጨመረ፤ ዕዳው ሞልቶ አራት መቶ ብር ሆነ። ለምን እንደዚያ እጁ እንደተፈታ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት ክረምት ለዕረፍት ስመጣ ነው። ቤታችን መጥቶ መደቡ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«እሜቴ ሒሳብ ሹም! እንኳን በደኅና መጣሽ። ሹመቱ መቼ ነው?»

«ጋሼ፣ እኔ አስተማሪ ነው የምሆን። የምማረው አልጀብራና የመሳሰለውን ነው።»

«እሱ የትኛው ክፍል ነው? የግብሩ ነው የጉምሩኩ?»

አባቴ ጣልቃ ገቡ። «በቁጥር ፋንታ ፊደል እየገባ የሚሰላበት ጥበብ ነው አሉ» አሉት፣ ኮራ ብለው።

ነጋዴው ፊቱ ተለዋወጠ። «ፊደልማ እርስዎም ያስተምሩ የለም እንዴ ቄሴ? ያውም በነጻ!» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁን አቆመ። «እኔ ብሬን የቆጠርሁ ለአስተማሪ ነው? የግብር ነገር ሲመጣብኝ ትደርስልኛለች ብዬ እንጂ።»

እኔም ወጣት ነበርሁና ዝም አላልሁም። እስከዚያ ድረስ ከመሬታችን የወሰደው ጤፍ በገበያ ዋጋ ቢተመን ብድሩን ከፍሎ ትርፍ እንዳለው ነገርሁት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ እንደገና ሳቀ።

«ስሙን እኔ አላወጣሁት፤ ወለድ አገድ ነው። ወለዱ ታግዷል፤ የታገደ ነገር ደግሞ አይቆጠርም። በዩኒቨርሲቲሽ ይህን አላስተማሩሽም?»

አባቴም እኔን ነው የገሠጹኝ። «ቃል ገብቼ የሰጠሁትን አንቺ በቁጥር ልታፈርሺው ነው?» አሉኝ። ዳግመኛ አላነሣሁትም። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርቴን ከመሬቷ ለይቼ ማሰብ አልቻልሁም። ሦስት ዓመት እንደተማርን አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርደን በአገልግሎት እናስተምራለን፤ በአበል ነው፣ ደመወዝ አይባልም። ከዚያ ተመልሰን የመጨረሻውን ዓመት ያለ ምንም ገቢ እንማራለን። ዲግሪው የሚገኝ ከዚያ ወዲያ ነው፤ ደኅናው ደመወዝም እንደዚያው። አቋርጬ በአነስተኛ ደመወዝ ብቀጠር ዛሬውኑ ትንሽ ትንሽ አገኛለሁ። ብጨርስ ብዙ አገኛለሁ፤ ቆይቼ። በወረቀት ላይ መጨረሱ ያዋጣል። ወረቀት ላይ ያላስገባሁት የአባቴንና የእናቴን ዕድሜ ነው፤ እሱን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነበርና።

ለአገልግሎት የተመደብሁ ባሌ፣ ጎባ ነው። ከጎጃም የሄደ ሰው ብርዱን አይፈራም፤ ባይተዋርነቱ ነው የሚከብድ። ከአበሌ ለሽሮና ለኪራይ ብቻ እያስቀረሁ፣ ከአስተማሪዎቹ እቁብ ገባሁ። የእቁቡን ዳኛ ለመንሁት፤ ጥር ላይ መሬታችን የምትለቀቅበት ወቅት ስለሆነ ቀድሜ እንድወስድ። አስተማሪዎቹ አዘኑልኝና ያለ ዕጣ ፈቀዱልኝ። አባቴን በዚያች ጥር መሬታቸውን አስረክባቸዋለሁ ብዬ ስቆጥር፣ ኅዳር መጨረሻ ላይ ማረፋቸውን የሚነግር ሰው መጣ። ተቀብረው ነበር።

እቁቡን ወስጄ፣ ባለው ብር ላይ ጨምሬ፣ አራት መቶውን በመቀነቴ ጠቅልዬ በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አገሬ ገባሁ። አርባቸው እየደረሰ ነበር። ልቅሶዬን እንደጨረስሁ የአባቴ ታናሽ ወንድም ዘመዶቹን ይዞ መጣ።

«እንግዲህ ተዝካሩን እንዴት አሰብሽው?»

«መሬቷን ላስለቅቅ ነው ብር ያመጣሁ፣ ጋሼ። ተዝካሩን እንደ አቅማችን በጥቂት ካህናት...»

«በጥቂት?» አለ። «ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ የሰው ነፍስ ሲፈታ ኖሮ፣ የስንቱን ተዝካር በልቶ፣ የሱ በንፍሮ ይለፍ? ከዲማ ካህናቱ ይመጣሉ፤ ምን አበላቸዋለሁ? አልጀብራ?»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፣ አልተቆጣሁም። የሳቁ ነገር ሳይሆን የነገሩ እውነት ነው የወጋኝ። አባቴ የሞተ ሰው ያለ ጸሎት፣ ያለ ተዝካር ሲሸኝ እንዴት ያዝኑ እንደነበር አውቃለሁ። ነፍስ ይበልጣል ወይስ መሬት ብሎ መጠየቅ እንኳ ለእኔ ድፍረት ነበር። ግን መሬቷ የሞተች አይደለችም፤ እናቴ ከሷ ነው የምትበላ። መሬቷ ከተያዘች ጀምሮ የምትኖረው አባቴ ከደብሩ በሚያገኙት ነበር። አሁን እሱም ቀረ። ፈትል ትፈትላለች፤ በቃ።

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆሜ ዋልሁ። ስመለስ መቀነቴን ፈትቼ ብሩን ለአጎቴ ሰጠሁት።

ተዝካሩ አምሮ ወጣ። ሁለት በሬ ታረደ፤ ጠላው ተረፈ። ካህናቱ ፍትሐቱን ሲያደርሱ ከልቤ ተጽናናሁ፤ ይህን አልክድም። ነጋዴውም ከጉንደ ወይን መጥቶ ከሽማግሎቹ ጋር ተቀምጦ በላ። ሲወጣ ደጅ ላይ አገኘኝ።

«አባትሽን አስከበርሻቸው፤ ነፍሳቸውን ይማር» አለኝ። ከልቡ ነበር። «በሬዎቼን እንግዲህ በመጋቢት አስገባለሁ።»

በማግሥቱ እናቴ ድስቶቹን ስታጥብ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

«እንግዲህ ስንት ዓመት ይፈጃል?» አለችኝ፣ ቀና ሳትል።

«እናዬ፣ እስከ ክረምት የእቁቡን እከፍላለሁ። መስከረም ተመልሼ አንድ ዓመት እማራለሁ፤ ያን ዓመት ምንም የለኝም። ከዚያ ዲግሪዬን ይዤ በተቀጠርሁበት ዓመት ጥር አስለቅቃታለሁ። ካልሆነ ትምህርቱን ልተወውና...»

«አትተይው። በእሱ ነው መሬቷ የሄደች፤ ደግሞ ሳይያዝ ይቅር?» እጇን በቀሚሷ ጠረገች። «እኔ ግን ያን ያህል አልቆይም። ስሞት ተዝካሬን አታውጪ። መሬቷን አውጪበት።»

እሺ አላልኋትም። የቀረውን ድስት አንሥቼ ማጠብ ጀመርሁ፤ እሷም ያንን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

እንዳለችውም ሆነ። የመጨረሻው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ፣ ፈተና ሳልቀመጥ፣ ዐረፈች። ዲግሪዬን ያዝሁ፤ ጎባ ስለሚያውቁኝ እዚያው ተቀጠርሁ። ደመወዙ እውነትም ደኅና ነበር። ጥር ላይ ከነአራት መቶ ብሬ ጉንደ ወይን ገባሁና ነጋዴውን በሽማግሎች ፊት ከፈልሁት። ቆጥሮ፣ መርቆ፣ መሬቷን ለቀቀ። ከሱ ጋር የነበረን ነገር በዚያ አለቀ።

የቤተ ዘመዱ ግን አላለቀም። ከጉንደ ወይን ቤት ስደርስ አጎቴ ደጁ ላይ ቆሞ ነው የተቀበለኝ።

«የእናትሽ ተዝካርስ?»

ቃሏን ነገርሁት። እኔና እሷ ብቻ ስንነጋገር የሰማ ሰው አልነበረም።

«ሙት አይመሰክር» አለ። «የተማረ ሰው የሚያሰላው እንዲህ ነው፤ ደኅና አድርጎ። መሬቷን እኔ አርሳታለሁ፤ አንቺ ደመወዝ አለሽ።»

ጎባ ሆኜ ላርሳት አልችልምና መሬቷን ለእሱ ትቼ፣ የእናቴን የክርስትና ስም በቅዳሴ እንዲያነሡልኝ ለደብሩ ካህናት አደራ ብዬ በነጋታው ወጣሁ። በእኛ አገር ወደ ሩቅ የሚሄድ ሰው እስከ ወንዙ ድረስ ይሸኛል። እኔን ማንም አልሸኘኝም።