የጌታሰው መዳፍና የእድሩ አምፕሊፋየር

ስለ ጌታሰው በደብረ ማርቆስ የሚወራውን ሁሉ አትመኑ። በመዳፉ ይሰማል ይሉታል። አይሰማም። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ከደሴ ተዛውሬ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቤቴና የእሱ ሱቅ አጥር ለአጥር ናቸው። የምናገረው ያየሁትን ነው፤ ያየሁትም አያኮራኝም።

ጌታሰው የመኪና ቴፕና ስፒከር ይገጥማል፣ ይጠግናል። ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቶበታል። ሚኒባስ ነጂዎች ከሉማሜና ከአምበር ሳይቀር እሱን ብለው ይመጡ ነበር። አሠራሩ የራሱ ነው። አምፕሊፋየር ሲመጣለት ከባትሪ ጋር ያገናኝና ዘፈን ይከፍታል፤ ግራ እጁን ስፒከሩ ላይ፣ ቀኝ እጁን አምፕሊፋየሩ ጀርባ ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ አሥር ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ «ይሄ ይቆያል» ወይም «ይሄ ሳምንት አይሞላውም» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ሰው በዚህ ይደነቅ ነበር። እኔ ግን ሌላ ነገር ማየት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ስናወራ ዓይኑ ከአፌ አይነቀልም፤ ስልኩ አጠገቡ እየጮኸ ቀና አይልም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደንበኛ ሁሉ «ጨምርበት!» እያለው ስፒከር ሥር የኖረ ሰው ጆሮ ምን ይሁን?

አምና ክረምት ሊገባ ሲል አንድ አባል አሮጌ ፒካፑን ለሰፈራችን እድር ሰጠ። ጥሩምባ ነፊው አርጅተው ስለተዉ፣ ከእንግዲህ ሞት በመኪና ይለፈፍ ተባለ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ንጉሴ ስድስት ሺህ ብር ይዘው መጡ። ጌታሰው ሁለት አምፕሊፋየር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላቸው። አንደኛው ኤቢ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከባድ፣ ጀርባው በሙሉ አሉሚኒየም። ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ግማሽ ያህሉን ሙቀት አድርጎ ይበትነዋል፤ ሞተር ጠፍቶ ብዙ ቢለፈፍበት ባትሪ ይጨርሳል። ዋጋው አሥራ አንድ ሺህ ብር። ሁለተኛው ዲ የሚባለው ነው። ኤሌክትሪኩን በፍጥነት እያበራና እያጠፋ ስለሚሠራ ብዙም አይሞቅም፣ ባትሪ ይቆጥባል፣ በአንድ እጅ ይነሳል። እሱ አምስት ሺህ አምስት መቶ።

ጌታሰው ወደ ኤቢው ያደላ ነበር። «ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ ግን አውቀዋለሁ» አለ፤ የጎደለውንም ቀስ ብለው ይክፈሉኝ አላቸው። ዲውን ያስመረጥኩት እኔ ነኝ። ማን እንደጠየቀኝ እንጃ፤ ወረቀት አውጥቼ አባዛሁ፣ አካፈልኩ፣ «በግማሽ ዋጋ የተሻለ ዕቃ» አልኩ። የጋሽ ንጉሴ ፊት በራ።

ሒሳቤ ልክ ነበር። ወረቀቴ ላይ ያልነበረው፣ ያ ርካሽ ዲ ከመኪናው ዲናሞ የሚመጣውን ጩኸት የሚያግድለት ክፍል የሌለው መሆኑ ነው። ፒካፑ ላይ ተገጥሞ ሞተሩ ሲነሳ ቀጭን ፉጨት ወጣ። ነዳጅ ሲሰጠው ፉጨቱም አብሮ ይቀጥናል፤ ጥርስ ያፋጫል። ጌታሰው መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ፤ አምፕሊፋየሩን ዳሰሰው፤ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀጭን ፉጨት ደግሞ መዳፍ ላይ አይሰማም።

«ንጹሕ ነው» አለ። ወደ እኔ ዞረ። «አይደለም እንዴ መምህር?»

«ነው» አልኩ።

ይሉኝታ ይዞኝ ነው ልበል? ጋሽ ንጉሴ ቆመዋል፤ ዕቃው ተገዝቷል፤ ጌታሰው ደግሞ «ለእድሬ የጉልበት ዋጋ አልቀበልም» ብሏል። እንዲህ ላለ ሰው በሰው ፊት «አትሰማም» ይባላል? እውነቱ ግን ከዚህ ያሳፍራል፤ ምርጫው የእኔ ስለነበር ስህተቴን ማመን አቃተኝ። ጋሽ ንጉሴም ፉጨቱን ሰምተው፣ እኛ «ንጹሕ» ካልን ብለው ዝም አሉ። ሰፈሩም ዝም አለ። በሦስት ሳምንት ሦስት ሰው ሞቶብን፣ በየቤቱ ጆሯችንን ይዘን መርዶ ሰማን። በነጻ የሠራልንን ሰው ማን ደፍሮ ይናገረው?

አራተኛዋ ሟች ጌታሰውን ያሳደጉት አክስቱ፣ እማሆይ ወለተ ሥላሴ ነበሩ።

ጌታሰው ድንኳኑ በር ላይ ቆሞ ነበር። ፒካፑ የእማሆይን ስም እየጠራ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል፣ የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳቡ። ልጆች ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። አንድ ቄስ ፊታቸውን አጨማደው ዞር አሉ። ጌታሰው ድንኳኑን አየ፤ መኪናውን አየ። ሄዶ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ።

«ምን እያለ ነው?»

«ያፏጫል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«እኔስ አልሰማም» አለ። «አንተ ምን ሆነህ ነው?»

ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ።

ከሰልስቱ በኋላ ዲውን ነቅሎ ጣለና በራሱ ወጪ ኤቢውን ገጠመ። በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶም፣ «ቀጭን ድምፅ አልሰማም። ሬሳችሁን በፉጨት አስሸኘሁ፤ አክስቴንም ጭምር። ይቅር በሉኝ። ከዛሬ ጀምሮ የምሠራውን ሰምቶ ሳያፍር የሚነግረኝ ሰው ይዛችሁ ኑ» አለ። ስሜን አላነሳም። ቢያነሳው ይሻለኝ ነበር።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። የሉማሜዎቹ ነጂዎች ቀሩ፤ የከተማውም ደንበኛ ሳሳ። አንድ ቀን ሚስቱ ዘመናይ «ዝም ብትል ምን ነበረበት? እንጀራህን እኮ ነው የዘጋኸው» ስትለው በአጥሩ በኩል ሰማሁ።

ባለፈው ማክሰኞ የአምበር ነጂ አዲስ አምፕሊፋየር ይዞ ብቻውን መጣ። ጌታሰው ገጥሞ ሲጨርስ ሞተሩን አስነሣው። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ነበር።

«ያፏጫል?» አለኝ።

ሞተሩ ዝግ ሲልም፣ ነዳጅ ሲሰጠውም ደህና አድርጌ ሰማሁት። «አያፏጭም፤ ንጹሕ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር።

አፌን ከዘጋሁም በኋላ ሲያየኝ ቆየ። ከዚያ መንገዱን ተሻገረና ድንች የምትሸጠዋን አይናለምን፣ «እስቲ ነይ፤ አንዴ ስሚልኝ» አላት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ሰማችው።

«ምንም የለውም ጋሼ» አለችው።

ያኔ ነጂውን «ውሰደው» አለው።