የአባቴ ጉንጭ መስታወቱ ላይ ቀረ

ዛሬ ጠዋት የአባቴ ግራ ጉንጭ ከወረቀቱ ተላቆ ከመስታወቱ ጋር ሲመጣ በዓይኔ አየሁ።

የአባቴን ሥዕል በውሃ ቀለም የሣለው ዲክሲስ ከተማ አብሮት ያስተምር የነበረ ጓደኛው ነው። የፍሬሙ እንጨት ስለበሰበሰ ላስቀይረው አሰላ ፍሬም ቤት ወሰድኩት።

ፍሬም ሠሪው የፍሬሙን ጀርባ ከፈተ። እኔ ደግሞ ቸኩዬ መስታወቱን አነሳሁ። «ኦብሲ! ቆይ፣ አትጎትተው!» ብሎ በኦሮምኛም በአማርኛም ጮኸ። ምን ዋጋ አለው፣ አንዴ ተላቋል።

«ማነው መስታወቱን ሥዕሉ ላይ እንዲህ የለጠፈው?» አለኝ።

መጀመሪያ ፍሬም ሲገባለት «አቧራ እንዳይገባ ጥብቅ አድርገው» ብዬ ያሠራሁት እኔው ነኛ!

እናቴ ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ በጸዳ ቁጥር በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው ኖራለች። ውሃው በጠርዙ እየሰረገ፣ ቀለሙን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆታል። በፍቅር ነው ያጠፋነው።

ለካ በሥዕሉና በመስታወቱ መካከል ዙሪያውን ወፍራም ካርቶን ገብቶ ክፍተት መኖር አለበት። ጨርቁም ደረቅ መሆን አለበት። ይህን የሰማሁት ዛሬ ነው!

እናቴን ምን እላታለሁ እያልኩ ቤት ገባሁ። ሥዕሉን ይዛ ትኩር ብላ አየችው። «በቁሙም ፊቱን ሲነኩት አይወድም ነበር» አለች።

ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን የራሷን ፎቶ አየች።

«የኔንስ ፍሬም ያሠራኸው አንተ ነህ እንዴ?»

እኔ ነኝ።

እናንተስ፣ እንዳይበላሽ ብላችሁ ያበላሻችሁት ምን አለ? እባካችሁ ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አታስቀሩኝ።