«የቻይና ሳንቲሞች» ይቆይ ወይስ ይሰረዝ?

እስራኤል፣ ቤርሼቫ ባለው የኢንሳይክሎፒዲያ ማዕከል ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኦስናት አንድ ወንበርና አንድ ትእዛዝ ሰጠችኝ። «ማኮር የሌለው ነገር አይቆይም» አለችኝ በዕብራይስጥ። ማኮር ምንጭ ማለት ነው። ኦስናት ዋና አርታኢያችን ናት። እዚሁ ቤርሼቫ የተወለደች፣ አማርኛ ጥርት አድርጋ የምትሰማ፣ ስትናገር ግን ወደ ዕብራይስጥ የምትሸሽ። እኔ ከዚያ በፊት ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ባለ አንድ ማተሚያ ቤት በካርቶን ላይ የሚታተም ጽሑፍ አራሚ ነበርኩ። እዚያ ስሕተት ከተገኘ ማሽኑ ይቆማል፣ አለቃው ይጮኻል፣ ነገሩ ያልቃል። እዚህ የሚጮኽ የለም። ስሕተቱ ዝም ብሎ ተቀምጦ ይነበባል።

የምንሠራው በኢንተርኔት የሚነበብ የአማርኛ ኢንሳይክሎፒዲያ ነው። ጽሑፎቹን የሚልኩልን በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አራሚ ፊደሉን ያስተካክላል፣ አርታኢ ይዘቱን ይመረምራል፣ የመጨረሻው ቃል የዋና አርታኢ ነው። ምንጭ የሌለው ጽሑፍ ሲገኝ አናቱ ላይ ቢጫ ምልክት እናደርጋለን። ከሥሩ ውይይት ይከፈታል፤ እያንዳንዳችን «ይቆይ» ወይም «ይሰረዝ» ብለን ምክንያታችንን እንጽፋለን።

የመጀመሪያ ስረዛዬ የግመል ወተት ማንኛውንም በሽታ ይፈውሳል የሚል ጽሑፍ ነበር። ምንም አልመሰለኝም። ምሳዬን በልቼ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

«የቻይና ሳንቲሞች» የመጣው ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ነው። የላኩት አባባ ፈረደ ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ የሕንፃ ግንባታ ጥበቃ የነበሩ ሽማግሌ። ስለ ዳጉሳ፣ ስለ ኑግ፣ ስለ ሞፈርና ቀንበር የጻፉልን ሁሉ ደኅና ነበር። ይኼኛው ግን ረጅም ሆኖ ከላይ እስከ ታች አንድም ምንጭ የለውም። ሳንቲሞቹ መካከላቸው ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አላቸው፣ በገመድ ይሰካሉ ይላል። በመዶሻ ተቀጥቅጠው ይሠሩ ነበር ይላል። በጥንት ዘመን ቢላዋ የሚመስል ገንዘብ ነበር ይላል። መጨረሻው ላይ እንዲህ የሚል አለ፦ «ይህን የነገረኝ ሊ ነው። ካገሩ ሲወጣ እናቱ አንዱን ሳንቲም በሸሚዙ እጥፋት ሰፍታለት ነበር።»

አንዱ ባልደረባዬ «ይሰረዝ። ቢላዋ ደግሞ መቼ ገንዘብ ሆኖ ያውቃል?» ብሎ ጻፈ። ኦስናት ከወንበሬ ጀርባ መጥታ ቆመች።

«በሚቀጥለው ሳምንት የትምህርት ቤት መምህራን ሊያዩን ይመጣሉ። ሰርዢውና እንገላገል» አለች።

«ሳልጠይቃቸው?»

«ስንቱን ጠይቀሽ ትዘልቂዋለሽ?»

እውነቷን ነው፤ ወረፋ የሚጠብቀው ጽሑፍ ብዙ ነበር። እኔን ግን ነገሩ አላስቀመጠኝም። እነሣለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ ሳልጠጣው እመለሳለሁ። «ይሰረዝ» ብዬ እጽፍና አጠፋዋለሁ። ወደ ቤት ስሄድ አውቶቡሱ ውስጥ መቆየት አቅቶኝ ካንድ ፌርማታ በፊት ወረድኩ። በማግስቱ ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ የሳንቲሙን ነገር ከየት አገኙት?»

«ከሊ።»

«ሊ ማነው፣ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነው?»

«ምን መጽሐፍ! እጥበቃው ሳለሁ እዚያው ለሕንፃው ምሰሶ ብረት ያስር የነበረ ቻይናዊ ነው። ምሳ አብረን ነበር የምንበላ።»

«አንባቢ ሄዶ ሊያየው የሚችል ነገር ነው የሚያስፈልገን፣ አባባ።»

«እኔን አላመንሽኝም ማለት ነው?»

«እርስዎንማ አምናለሁ። አንባቢው ግን አያውቅዎትም።»

«እንግዲያ ሊ ዋሽቶሃል ነው የምትይኝ» ብለው ስልኩን ዘጉት።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። የመጻሕፍት ሠራተኛዋ ስለ ገንዘብ ታሪክ የተጻፉ ሁለት ወፋፍራም መጻሕፍት አወጣችልኝ። ቀዳዳውም ገመዱም እውነት ነው። ቢላዋውን ፈለግሁ። አለ! ከነሥዕሉ አለ፤ እጀታው ጫፍ ላይ ቀለበት ያለው፣ ከነሐስ የተሠራ ገንዘብ። ቀድሜ ልጥለው ያሰብኩት እሱን ነበር። ያልተጠራጠርኩት መዶሻው ደግሞ ሐሰት ሆኖ ተገኘ። እነዚያ ሳንቲሞች አይቀጠቀጡም፤ ነሐሱ ቀልጦ ቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየፈሰሰ ነው የሚሠሩት። ገጾቹን ፎቶ ኮፒ አድርጌ ወጣሁ። የመጨረሻው አንቀጽ ግን ገና አለ፤ ለሊ ምንጭ የሚሆን መጽሐፍ አልነበረም።

አባባ ፈረደ ቤት በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው ናቸው። አባባ ግን ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ አላነሡም። ኮፒዎቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። ቢላዋውን በጎን አዩት፤ ከዚያ መነጽራቸውን ፈለጉ።

«አላልኩሽም?» አሉ።

«ብለዋል። መዶሻው ግን ልክ አይደለም።»

የማነበውን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «መዶሻውን ሊ አላለኝም። ብረት ያለመዶሻ እንዴት ይሆናል ብዬ እኔ ነኝ የጨመርኩት። እሱን አውጭው።»

«የሊም አንቀጽ መውጣት አለበት፣ አባባ።»

ባለቤታቸው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመው አዩኝ። አባባ ፈረደ ቴሌቪዥኑን አጠፉት።

«ሊ ከመወጣጫው ወድቆ ሞተ» አሉ። «ጧት በሩን የከፈትኩለት እኔ ነኝ። ሰላም ብሎኝ ገባ። ሬሳውን ወደ አገሩ ላኩት። ከዚያ ወዲያ እዚያ ግንባታ ላይ ‹ቻይናዊው› ከማለት በቀር ስሙን የሚጠራ አጣሁ። አንድ ቦታ እንኳ ይቀመጥ ብዬ ነው።»

መቀመጥ አቃተኝ። ተነሥቼ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ታች መንገዱ ላይ መኪና ይተላለፋል፤ የማየው ነገር አልነበረም።

«የራስዎ ትዝታ አድርገው ይጻፉት» አልኩ። «ማዕከሉ በስምዎ ያወጣዋል።»

«ትዝታማ ወሬ ነው ይሉታል። እውነት የሚቀመጠው ኢንሳይክሎፒዲያው ላይ ነው ብላችሁ ያስተማራችሁን እናንተው አይደላችሁም?»

«የሊ ነገር እውነት ነው፣ አባባ። ግን የሊ ታሪክ ነው እንጂ የሳንቲም ታሪክ አይደለም።»

መነጽራቸውን አውልቀው ኮፒዎቹን ሰበሰቡ።

«አውጭው» አሉ በመጨረሻ። «እዚሁ፣ እኔ እያየሁ አውጭው።»

ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። ወንበራቸውን አስጠግተው ተቀመጡ። አንቀጹን ከመጨረሻው ፊደል ጀምሬ ወደ ኋላ አጠፋሁት። ‹ሊ› የምትለው ላይ ስደርስ ጣቴ ዘገየ። ሳበቃ «ምሳ ብይ» አሉኝ። ባለቤታቸው ያቀረቡልኝን በላሁ፤ ጣዕሙን ግን አላስታውሰውም።

በማግስቱ ምንጮቹን አስገብቼ፣ መዶሻውን አርሜ፣ «ይቆይ» ብዬ ጻፍኩ። ባልደረባዬ የቢላዋውን ሥዕል አይቶ ድምፁን ወደ «ይቆይ» ለወጠ። ኦስናት አነበበችውና «ቤሴደር፣ ይቆይ» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ቀጥላ «ላንድ ጽሑፍ ግን ይህ ሁሉ መንከራተት?» አለችኝ። የሚቀጥለውን ጽሑፍ ከፈትኩ። መምህራኑ ሲመጡ ከሁሉ ይልቅ ቆመው ያዩት ያንን ገጽ ነበር።

አባባ ፈረደ ከዚያ ወዲህ ጽሑፍ አልላኩልንም። የሊን ታሪክ እንዲጽፉ ሁለት ጊዜ ለመንኳቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ «እናያለን» አሉኝ። ገበያ ስንገናኝ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፣ ይመርቁኛል፣ ስለ ሳንቲሙ አያነሡም። አንቀጹን ማውጣቴ ልክ እንደነበር ዛሬም አምናለሁ። እረፍት ግን አልሰጠኝም።

ወደዚህ ሥራ ለምትገቡ የምለው ይህን ነው። ምንጭ የሌለው ጽሑፍ ሲደርሳችሁ መጀመሪያ ጸሐፊውን ጠይቁ፣ ቀጥሎ መጻሕፍቱን። እንግዳ የሆነባችሁን ብቻ ሳይሆን የለመዳችሁትንም አጣሩ። ማስረጃ ያላገኛችሁለትን አውጡ፤ ማውጣታችሁንም ራሳችሁ ሄዳችሁ ንገሩ።