ለፈጠም ዳር ያዋጣነው ሽሮ

በዚያን ቀን ፈጠም ወንዝ ዳር የነበርነው እነዚህ ነን፤ የባልትና አስተማሪዋ፣ ጠመንጃቸውን አንግተው የመጡት የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ የልብስ ሰፊው ሁለት ሴቶች ልጆች፣ የቄሱ ልጅ፣ የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ልጅ፣ የፈታይዋ ልጅ፣ የእኔ ልጅና እኔ። ዕቃችንን የጫኑ ሁለት አህዮችና ባለቤታቸውም ነበሩ፤ እሱ ግን ጭነቱን እንዳራገፈ አህዮቹን እየነዳ ወደ ቡሬ ተመለሰ።

ጊዜው በሃምሳዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። የምንኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። የባልትና አስተማሪዋ ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ፣ ገና ያላገቡ ወጣት ነበሩ። ሴቶቹን ልጆች ወጥ መሥራት ብቻ ሳይሆን ማሰብም ላስተምር ብለው ተነሡ። ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለን እናድራለን፣ ምን እንደምንበላ አስቀድመን እናቅዳለን፣ የምንበላውን ራሳችን ተሸክመን ሄደን በሦስት ጉልቻ እናበስላለን አሏቸው። ልጄ ይህን ይዛ ስትመጣ ባለቤቴ ቤት ያለው ሰው ምን ሊያደርግ ሜዳ ያድራል ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያለችኝ እሷ አንዲት ናት። ጅቡን አሰብኩ፣ ወንዙን አሰብኩ፣ ወባውን አሰብኩ። ሳስበው አድሬ በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩና እኔም ልከተል፣ እሳቱን እጠብቅላችኋለሁ አልኩ። አስተማሪዋ ደስ አላቸው። እንዲያውም ብቻዬን ፈርቼ ነበር አሉኝ፤ በዚህ ወደድኳቸው።

እኔ የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ስለዚህ ልጆቹ በጥቁር ሰሌዳው ላይ የምግቡን ዕቅድ ሲጽፉ ከኋላ ቁጭ ብዬ ቀስ እያልኩ አነበብኩ። ዓርብ ጾም ስለሆነ ማታ ሽሮ በድርቆሽ፤ ቅዳሜ ጧት በሶ፣ ቀን ድንች በቅቤ፣ ማታ ደግሞ ሽሮው በቅቤ ተሠርቶ ከእንቁላል ጋር፤ እሑድ የተረፈው ሁሉ ይበላል። አስተማሪዋ መኮሮኒም ይጨመር ብለው ነበር፤ የቄሱ ልጅ በጉልቻ እሳት መኮሮኒ ሲቀቀል አይታ እንደማታውቅ ብትናገር ቀረ። ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ በሶውንና ድርቆሹን እያንዳንዷ ከቤቷ እንድታዋጣ ተባለ። ሽሮው በአንድ ከረጢት ይቀላቀላል።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ይህ መቀላቀል ነው። የጎጃም ሰው ለምን እንደሆነ ሳልነግረው ያውቃል፤ ለማያውቅ ግን ልንገረው። በችግር ጊዜ ጓያ ይበላል። ጓያ በመልኩም በጣዕሙም ከአተር አይተናነስም፤ ተቆልቶና በቅመም ተፈጭቶ ሽሮ ከሆነ በኋላማ በዓይን የሚለየው ጥቂት ነው። ግን ወር ከወር አዘውትሮ የበላውን ሰው እግሩን ይሰብረዋል። የእኔን ታላቅ ወንድም ሰብሮት በሁለት ምርኩዝ ነበር የሚሄደው። እናታችን ጓያ ሲፈላ እንፋሎቱ እንዳይነካን ከቤት ታስወጣን ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ የጓያ ማሳ ተሻግሬ አላልፍም።

ልጆቹን ጓያ አታምጡ ማለት ግን ከባድ ነው። ያለው የሚያመጣው ሌላ ነው፣ የሌለው የሚያመጣው ሌላ ነው፤ በሰው ፊት የእናንተ ቤት ምን ይበላል ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ በዘወርዋራ ገባሁበት። ልጆቹ ሰብሰብ ባሉበት የወንድሜን ነገር አወራሁላቸው። እንዴት ያለ ሯጭ እንደነበረ፣ አንድ ክረምት ምን እንደበላን፣ ከዚያ እግሩ እንዴት እንደ ከዳው። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ዛሬም ቢሆን እንደዚያው እናገር ነበር፤ የሰው ልጆች እግር ነው።

ሽሮው በሚሰበሰብበት ቀን ከረጢቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። አንድ በአንድ እየመጡ ገለበጡ። የፈታይዋ ልጅ መጨረሻ መጣች። እናቷ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልጅቷም ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሥራ የምትሻማ ልጅ ነበረች። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ይዛ ከረጢቱ ላይ ጎንበስ አለች፤ ቀና ስትል እጇን አራገፈች። እኔም ከረጢቱን አሰርኩ።

እስከ ቡሬ በአውቶቡስ ሄድን፤ ከዚያ ወንዙ ድረስ በእግር። ድንኳኑ ከመንገድ ሠራተኞች የተዋስነው ነበር። ገና ተክለን ሳንጨርስ አንድ ገበሬ ከማሳው ወጣና ጋቢውን አስተካክሎ፣ ፊቱን አጨፍግጎ መጣ። ማን ሞቶባችሁ ነው አለን። ዘበኛው ማንም እንዳልሞተ፣ ልጆቹ ምግብ ሊያበስሉ እንደመጡ ነገሩት። ሰውዬው ጉልቻውን አየ፣ ድንኳኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «ቤታችሁ ተቃጥሎ ነው?» አለ። ልጆቹ በሳቅ ሞቱ፤ እኔ ግን ባለቤቴ በሰውዬው አፍ የተናገረ መሰለኝ።

የዚያን ዕለት ማታ ሽሮው ጥሩ ወጣ። ሁሉም ከበቡ። የፈታይዋ ልጅ ውኃውን ከማንም በላይ የቀዳች፣ እንጨቱን የሰበረች እሷ ናት፤ ማዕዱ ሲቀርብ ግን ሆዴን ቆርጦኛል ብላ ፈቀቅ አለች። ግንባሯን ዳበስኩት፤ ትኩሳት የለውም። ጧት በሶ ሲበጠበጥ ጥርሴን አመመኝ አለች። ቀን ድንቹ ሲደርስ ልብስ ላጥብ ብላ ወደ ወንዙ ወረደች። ያን ጊዜ ልቤ አላርፍ አለ። ከትናንት ቁርስ ጀምሮ ምንም ያልቀመሰች ልጅ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት፤ ወባ ቢሆንስ፣ ሌላ ነገር ቢሆንስ፣ እናቷን ምን ልላት ነው እያልኩ ተከትያት ወረድኩ።

ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የሚታጠብ ልብስ የለም። በጭኗ ላይ ያ ቋጠሮ አለ።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ያመመሽ ነገር የለም አይደለም አልኳት። የለም አለች። ከዚያ ከረጢቱ ውስጥ እንዳልጨመረች፣ ጎንበስ ብላ ብቻ እንደተነሣች ነገረችኝ። ምነው ብላት ወደ ቋጠሮው እያየች መለሰችልኝ።

«የእኛ ሽሮ ጓያ ነው እማማ። የወንድምዎን ሲያወሩ ሰማሁ። የሰው ልጅ እንዳልሰብር ብዬ ነው።»

ደግ አደረግሽ ብል እናቷን መስደብ ነው፤ ምንም አይደለም ብል ውሸት ነው። ቢያንስ ትብላ ብዬ፣ ታዲያ መብላቱን ማን ከለከለሽ አልኳት።

«ያላዋጣ ይበላል እንዴ?»

«ዘበኛው ምን አዋጡ?»

«ጠመንጃ።»

«ጠመንጃው ይበላል? ደግሞ ትናንት ከሁላችሁ በላይ የጨለፉት እሳቸው ናቸው።»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው በነጠላዋ ሸፈነችው። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው አለች። ከዚያ ዋናውን ነገር አወጣችው። «እናቴ ራሷ ቆልታ፣ ያላትን ቅመም ሁሉ ጨምራ ነው የሰጠችኝ። ስመለስ ወደዱት ወይ ብላ ትጠይቀኛለች። እኔ እናቴን ዋሽቻት አላውቅም።»

ቋጠሮውን ተቀብዬ ፈታሁት። ልም ነው፤ በደንብ የታመሰ፣ ኮረሪማው የሚሸት። ጥሩ ባለሙያ የሠራችው ሽሮ ነው። ቤታችሁ የምትበሉት ሁልጊዜ ይህንን ነው አልኳት። ከሐምሌ ወዲህ አዎ አለች፤ አዲሱ እህል እስኪደርስ።

ዓይኔ ወደ እግሯ ሄደ። ውኃው ውስጥ የተዘረጉ፣ ቀጫጭን፣ ደህና እግሮች ናቸው። እኔ ሳምንቱን ሙሉ ለልጆቹ አንድ ማዕድ ስጨነቅ ይህች ልጅ በየቀኑ ትበላው ነበር።

«እንለዋወጥ» አልኳት። «ያንቺን እኔ እበላለሁ፣ የእኔን አንቺ ትበያለሽ። ለእናትሽም ወደዱት ትያታለሽ፤ ውሸት አይሆንም።»

«እርስዎ ጓያ ይፈራሉ።»

«እፈራለሁ።»

«ታዲያ?»

«አንድ ቀን አይሰብርም። የሚሰብረው ሲዘወተር ነው።»

አፌ እንደዚያ አለ እንጂ ልቤ ግማሹን ነው ያመነው። ቢሆንም ማታ የልጆቹ ትልቁ ድስት ሲጣድ እኔ በእሳቱ ዳር በትንሽ ጣሳ የእሷን ሽሮ ለብቻ አንተከተክሁ። ቅቤ ጣል አደረግሁበት። ነፋሱ እንፋሎቱን ወደ እኔ ባመጣው ቁጥር ቦታ እየቀየርኩ እሳቱን ዞርኩት፤ ልጅቷ ከማዶ ሆና ታየኛለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ትይዛለች። ሽታው ድንኳኑን ሁሉ ሞላው። ዘበኛው ተጠጉና ይሄኛው የማን ነው፣ ቅመሱ አይባልም ወይ አሉኝ። ድርሻዬ ነው አልኳቸው። አስተማሪዋም እንዴት ብትሠሪው ነው እንዲህ የሚሸተው ብለው ጠየቁኝ፤ ቅመሙ ነው፣ የፈታይዋ እጅ ነው ብዬ መለስኩ። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ቀና አለች።

የመጀመሪያውን ጉርሻ ስጎርስ ዓይኗን ከእኔ አልነቀለችም። ዋጥኩት። እግዜር ምስክሬ ነው፣ ከከረጢቱ ሽሮ ይበልጥ ይጣፍጥ ነበር። ከዚያ እሷም ወደ ማዕዱ ቀረበች። እንዴት እንደበላች አልረሳውም፤ ቀስ ብላ ጀምራ ነበር፣ በኋላ ግን የልብስ ሰፊው ትንሿ ልጅ እጇ ላይ እየተሻማች፣ አንቺ ሆድሽን ቆርጦሽ የለም እንዴ እያለች ትነካካት ነበር። እሷም የሁለት ቀን ዕዳ አለብኝ ብላ አሳቀቻቸው። እንቁላሉንም በላች። እኔ እስክንተኛ ድረስ ሳላስበው ጉልበቴን ስዳብስ ልጄ አይታኝ፣ እማዬ እግርሽን ምን ሆንሽ አለችኝ። ቁጭ ብዬ ደነዘዘኝ አልኳት። ተነሥቼም ተራመድኩ፤ ደህና ነበር።

ፍኖተ ሰላም ከተመለስን በኋላ ነገሩን እዚያው መተው አልቻልኩም። ለፈታይዋ አተር ሰጥቼሽ ልሂድ ብላት አትቀበለኝም፤ ኩሩ ሴት ናት። ሄጄ አንድ በግ ለገና እያደለብኩ እንደሆነ፣ ለበግ ደግሞ እንደ ጓያ የሚስማማ እንደሌለ፣ ያላትን ጓያ በአተር ብትለውጠኝ እንደምታግዘኝ ነገርኳት። ፈታይዋ እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝ። ለበግዎ ከሆነ እሺ አለች። እኔ በግ አልነበረኝም። የመጣውን ጓያ እየወሰድኩ ከብት ላላቸው ሰዎች እሰጠው ነበር። ገና መጣ፣ ፋሲካ መጣ፤ ፈታይዋ ገበያ ስታገኘኝ «በግዎ እንዴት ከረመ?» ትለኛለች፤ እኔም ወፍሯል እላታለሁ። «ይህ በግ ዘንድሮም አይታረድም?» ትላለች፤ ገና ይቀረዋል እላለሁ። አንዴም ሳቅ አላለችም። ልጅቷ አጠገቧ ካለች ግን ፊቷን ታዞራለች።

ልጅቷ ስምንተኛ ክፍል እስክትደርስ በዚህ ቆየን። ከልጄ ጋር አብረው ያጠኑ ነበር፤ ቤታችን በልታ ትሄዳለች፣ ስትሄድ እስከ በሩ በዓይኔ እሸኛታለሁ፤ አረማመዷን ነው የማየው። ከዚያ እናቷ ታመመችና ወደ ዘመዶቿ አገር፣ ወደ ደጋ ዳሞት፣ ፈረስ ቤት በኩል ይዛት ሄደች። በመጀመሪያው ዓመት ለገበያ ከሚመጡ ሰዎች ሰላምታ ይደርሰኝ ነበር፤ እናቷ እንዳረፈች፣ እሷም እንደተዳረች ሰማሁ። ባሏ ገበሬ ነው፣ መሬቱም ጠባብ ነው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ክፉ ዓመታት መጡ፣ ሰዉም ተበታተነ፤ የሚያውቃት አላገኘሁም። ልጄም ብትሆን በየደረሰችበት ትጠይቃለች።

ይህን የሚያነብ የደጋ ዳሞት ሰው ካለ፣ በልጅነቷ ፍኖተ ሰላም የተማረች፣ የፈታይ ልጅ የነበረች፣ ዛሬ እንደ እኔ ልጅ ሁሉ ልጆች ያደረሰች ሴት የምታውቁ እንደሆነ እባካችሁ ላኩብኝ። በሕይወት መኖሯንና በእግሯ ደህና መሆኗን ብትነግሩኝ ይበቃኛል።