ለእህቴ ፀጉር ቤት የሣልኩት ማሳ

መካነ ሰላም ውስጥ ሰው መንገድ የሚጠቋቆመው በእኔ ሥዕል ነው። ጉራ የመሰለው ካለ መናኸሪያ ወርዶ ይጠይቅ። «ፋርማሲው በየት በኩል ነው?» ቢል፣ «ጉንጩ ያበጠውን ሰውዬ አለፍ ብለህ» ይሉታል። ጉንጩ ያበጠው ሰውዬ የጥርስ ሕክምናው ታፔላ ላይ ያለው ነው፤ የሣልኩት እኔ ነኝ። እንዲያውም አሳብጬ ስለሣልኩት ጥርሱን አሞት የማያውቅ ሰው ሳይቀር በዚያ ሲያልፍ ጉንጩን ይዞ ነው። ወፍጮ ቤቱ፣ ጎሚስታው፣ የዶሮ መኖ መሸጫው፣ ሁሉም የሚጠራው ባለቤቱ ባወጣለት ስም ሳይሆን እኔ በሰጠሁት መልክ ነው። ስሙንም የምጽፈው እኔው ነኝ፤ ግን ለገበያ ከቆላ የሚወጣውም ከደጋ የሚወርደውም ሰው ፊደሉን ትቶ ሥዕሉን ይይዛል።

ችግሩ እንዳሻው መያዙ ነው። አንድ ሆቴል በር ላይ አንበሳ ሥዬ ነበር። ምን የመሰለ አንበሳ! ጎፈሩን ስጨርስ የሰፈሩ አህዮች መንገድ ቀይረው ሰነበቱ። ገበያተኛው ግን ቆሞ አየው፣ አየውና «ውሻው ቤት» አለው። ይኸው እስከ ዛሬ «ውሻው ቤት እንገናኝ» ነው የሚባለው። የሆቴሉ ባለቤት ሰላምታዬን የሚመልስልኝ በአገጩ ነው። እኔ አሁንም አንበሳ ነው እላለሁ። አንበሳ አይቶ የማያውቅ አገር ቢፈርድብኝ ለማን አቤት እላለሁ?

ታናሽ እህቴ ከዐረብ አገር ተመልሳ የሴቶች ፀጉር ቤት ልትከፍት ስትነሣ መጀመሪያ ያነሣችብኝ ይህንኑ ነው።

«አያ፣ የእኔን ቤት ደግሞ በምን አውሬ ልታስጠራው ነው?»

«ለአንቺማ ቆንጆ ሴት ነው የምሥልልሽ።»

«ቆንጆዋን ሴት "ጦጣዋ ጋ" ሲሏት ከአሁኑ ይሰማኛል። አይሆንም፣ በሞትኩት! ደሴ ባነር አዝዣለሁ።»

ባነር! በማሽን ታትሞ፣ ተጠቅልሎ፣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ የሚመጣው ነገር። በእኛ አገር የፀጉር ቤት ባነር ላይ ያለችው ሴት አንዲት ናት። ፀጉሯ ወርቅ የመሰለ፣ ትከሻዋን የገለጠች ፈረንጅ። አቀስታም አለች፣ ማሻም አለች፤ የወሎን ደጋ እንደ እሷ ያዳረሰ ሰው አላውቅም። በዚያ አጥንት በሚሰብር የለጋምቦ ብርድ ትከሻዋን ከፍታ ስትውል አንድ ቀን አስነጥሷት አያውቅም። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባት ብቻ መጀመሪያ ከንፈሯ ይነጣል፣ ቀጥሎ ፊቷ ሰማያዊ ይሆናል፣ በመጨረሻም በነፋስ ተቀድዳ ከወገቧ በታች ትሄዳለች።

የእኔ መሥሪያ ከእህቴ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። የታፔላ ሠዓሊ እህት ባነር ሰቀለች ማለት የቄስ ልጅ በሁዳዴ ሥጋ ተሸክማ በደብሩ በር አለፈች ማለት ነው። ሰው ምን ይላል?

ግን ከእኔ ስም የከፋ ነገር ነበር። በአገሩ እንደ ተረት የሚነገር ነው፤ ከዐረብ አገር የመጣች ልጅ ሱቅ ትከፍታለች፣ ሱቁ ሰው ሰው ሳይሸተው ይዘጋል፣ ልጅቱም ወደመጣችበት ትመለሳለች። እህቴም ይህን ታውቃለች። አንድ ቀን ከእናታችን ጋር ተቀምጠን ምስር ስትለቅም፣ ቀና ሳትል «ይህ ቤት ካልሠራልኝ መንገዱን አውቀዋለሁ» አለች። እናታችን ምስሩን ተቀብላት የተለቀመውን እንደገና ትለቅም ጀመር። እኔ ለቀብር የሚሆን ቀልድ እንኳ አጥቼ የማላውቀው ሰውዬ ከምስሩ ጠጠር መፈለግ ያዝኩ። እህቴ ስትሄድ ገና ልጅ ነበረች፤ ስትመለስ ከእናቴ ጋር በስልክ ያረጀች ሴት ሆና ነው የመጣችው። ሁለተኛ መሸኘት አልፈልግም።

እግዜር ይስጠው፣ የበልጉ ዝናብ መንገዱን አበላሸው። የደሴ መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ፤ ባነሩ ዘገየ።

«ባነርሽ እስኪመጣ ቤትሽ ራቁቱን ይከፈት?» አልኳት።

አሰበች። «አንዲት ገበያ» አለች። «አንዲት ገበያ ብቻ። ሴት ካልገባችበት ራስህ ታወርደዋለህ።»

ተዋዋልን። እኔም ጭንቀት ያዘኝ።

ከውሃ ታንከሩ አጠገብ አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ፤ ኔትወርክ ደህና የሚይዘው እዚያ ነው። እዚያ ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ የሠዓሊዎችንና የዲዛይነሮችን ሥራ ማየት የቆየ ልማዴ ነው። የአዲስ አበባ ልጆች፣ የውጭ ሰዎች፣ ምን የማይሠሩት አለ! የማይገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወረቀቱን ባዶ ይተዉታል። አንዱ በአንዲት መስመር ወፍ ሠርቶ ዳር ላይ አስቀምጧት ሌላውን ወረቀት እንዳለ ትቶታል። ቀለም ያለቀበት መስሎኝ አዘንኩለት። እኔ እንደሆንኩ ባዶ ቦታ ካየሁ አበባ የምተክል ሰው ነኝ፤ የጎሚስታው ታፔላ ላይ በጎማና በጎማ መካከል ጽጌረዳ አለ። ያን ቀን ግን ደጋግሜ ሳያት ገባኝ። ሰውዬው ወፏን መብረሪያ ነው የተወላት።

በማግሥቱ አቀስታ የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ፊደል ልጽፍ ሄጄ ውዬ በሚኒባስ ስመለስ፣ ከፊቴ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ፀጉሯ አዲስ የተሠራ ሹሩባ ነው፤ መስመሩ ከማጅራቷ ተነሥቶ ጭንቅላቷን እየዞረ ወደ አናቷ ይወጣል። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲታጠፍ በመስኮቱ በኩል አንድ አዲስ የታረሰ ዳገት ጭንቅላቷ ጎን መጥቶ ቆመ። ፈሩ ዳገቱን እየዞረ ወደ አናቱ ይወጣል። አንዱን አየሁ፣ ሌላውን አየሁ። ምድሪቱ ፀጉሯን ተሠርታለች እንዴ? ወይስ የሴትየዋ ጭንቅላት ታርሷል? አንገቴን አስግጌ ስመለከት ሴትየዋ ዞረች።

«ወንድም ጋሼ፣ ቅማል አየህብኝ እንዴ?»

«ኧረ ማሳ ነው ያየሁት!»

ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ ከበሩ ሆኖ «እቴ፣ ተጠንቀቂ! ነገ የመሬት ግብር ክፈይ እንዳይልሽ!» አላት። እሷ ነጠላዋን ተከናነበች፤ እኔ ግን የፈለግሁትን ይዤ ወርጃለሁ።

ላሜራውን ጸረ ዝገት ቀባሁት። ሲደርቅ ዝናብ የጠጣ መሬት የመሰለ ቡናማ አለበስኩት። ኖራ የነከርኩትን ክር ይዤ እያዞርኩ መስመሩን አስያዝኩ፤ በጥቁር ቀለም ሹሩባውን እየጎነጎንኩ ከታች ወደ ላይ ዳገቱን አወጣሁት። ከሥር አንዲት የአንገት መስመር ብቻ፣ ከጎን በነጭ የቤቱ ስም። ፊት የለ፣ ዓይን የለ፣ ከንፈር የለ። ግማሹ ላሜራ ባዶ። ቀኝ እጄ አበባ ሊጨምር በተነሣ ቁጥር በግራ እጄ እየያዝኩ ነው የጨረስኩት።

እህቴ መጥታ ዓይኗን አጥብባ አየችው።

«ፊቷስ?»

«ዞራለች።»

«ለምን ዞረች?»

«ወደ አንቺ ቤት እየገባች ነዋ!»

ከንፈሯን ነከሰች። እንዳትስቅ መሆኑን አውቄያለሁ፤ እህቴ ከሳቀች መሸነፏ ነው። «ስቀለው እስቲ» አለች።

የገበያው ዕለት ጠዋት መጀመሪያ በሩ ላይ የቆሙት ሴት አልነበሩም። አንድ ገበሬ ዱላቸውን ተደግፈው ታፔላውን ተመለከቱና ወደ ውስጥ አንገታቸውን አስገቡ።

«ልጄ፣ ማዳበሪያው ገባ እንዴ?»

«ምን ማዳበሪያ?»

እሳቸው ቆመው ያየ ሌላ ገበሬ ከኋላቸው ቆመ። እሱን ያየ ሌላ ቆመ። በእኛ አገር ሰልፍ ምክንያት አይጠየቅም፤ መጀመሪያ ይያዛል፣ ከዚያ ይጣራል። ወዲያው ከእህቴ በር እስከ እኔ መሥሪያ ድረስ አህያቸውን የያዙ፣ ጆንያቸውን ያጠፉ ወንዶች ተሰለፉ። እህቴ የፀጉር ማድረቂያውን እንደ ሽጉጥ ይዛ ወጣች።

«አባቶቼ፣ ይህ የሴቶች ፀጉር ቤት ነው!»

«ይሁን ልጄ» አሉ ፊተኛው በትሕትና። «ምርጥ ዘሩስ መቼ ይመጣል?»

እህቴ በሰልፉ አናት ላይ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት ልሣል ብል በመካነ ሰላም ያለ ቀይ ቀለም አይበቃኝም። ጥፋቱ የእኔ አልነበረም፤ ሰዎቹ ማሳ ነው ያዩት፣ ማሳም ነው። ግን ሴት አልገባችም። አረፋፈደ፤ ሰልፉ እያጉረመረመ ተበተነ፤ አሁንም ሴት የለም። እኔም መሰላሉን ከወዲሁ ዓይኔ ይፈልገው ጀመር።

ያን ጊዜ አንድ ሽማግሌ ልጃቸውን አስከትለው መጡ። ልጅቱ ከጓደኞቿ ጋር የሠርግ ዕቃ ገዝታ ኖሮ እጃቸው ሁሉ ፌስታል ነው። ሽማግሌው ታፔላው ሥር ቆሙ።

«ይህን ያረሰ ሰው ጎበዝ ነው» አሉ። «አያችሁ? ዳገቱን እያዞረ ነው ያረሰው። ጎርፍ አያገኘውም።»

«አባዬ» አለች ልጃቸው፣ «ይህ እኮ ሹሩባ ነው።»

ሽማግሌው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ራሳቸውን አዘነበሉ። «አጃኢብ ነው!» አሉ። ከዚያ የልጃቸውን ሻሽ በዱላቸው ጫፍ ጠቆም አደረጉና፣ «እንግዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ያንቺ ጦም አድሯል፣ ግቢና አሳርሺው!» አሏት።

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ሙሽሪት ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ገባች፤ ጓደኞቿም ተከትለዋት ገቡ። ስትቀመጥ ሰማኋት፤ «በሩ ላይ እንዳለው አድርጊልኝ» አለች።

ይህን ሁለታችንም አላሰብነውም ነበር። እህቴ በዐረብ አገር የተማረችው ፀጉር በቢጉዲን መጠቅለልና በካስክ ማድረቅ ነው። ሹሩባ የሠራችው ከመሄዷ በፊት፣ የጎረቤቱን ሴት ሁሉ ጭንቅላት እየተቀበለች ባደገችበት ጊዜ ነው። በዚያ ላይ እኔ የሣልኩትን ሹሩባ በዓለም ላይ የተሠራ ሰው የለም፤ ግማሹ ፀጉር፣ ግማሹ ዳገት ነው። ወጥታ አየችው፣ ገባች። ደግማ ወጣች። ሦስተኛ ስትወጣ ማበጠሪያው በጥርሷ ነው።

«አያ! አውርደው!»

ልቤ ከታፔላው ቀድሞ ወረደ። መሰላሉን አመጣሁ፣ ወጣሁ፣ ማሰሪያውን ፈታሁ።

«ምን ያንቀራፍፍሃል? ወደ መስኮቱ አምጣው! መስመሩ ከየት እንደሚነሣ አልታይ ብሎኛል!»

ወንድ በሴት ፀጉር ቤት አይገባም፤ ስለዚህ ያን ላሜራ መንገድ ዳር ቆሜ፣ በሁለት እጄ ከፍ አድርጌ፣ በመስኮቱ በኩል እንደ መስታወት ያዝኩላት። «ወደ ግራ አዙረው! ቀና አድርገው! አሁን አትንቀሳቀስ!» ትለኛለች። አላፊው ሁሉ «ምን አጥፍቶ ነው የሚቀጣው?» ይላል። ክንዴ እስከ ዛሬ ከሌላው ሰው ክንድ በአንድ ክንድ ይረዝማል። ግን በመስኮቱ በኩል የእህቴን ጣቶች አየሁ። መጀመሪያ ያመነታሉ፣ ይፈታሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። በኋላ ግን ሥዕሉን ማየት ተዉ። ጣቶቿ መንገዱን ራሳቸው አገኙት።

ሙሽሪት ወጣች። አባቷ በቅሎ እንደሚገዛ ሰው ዙሪያዋን ዞሯት። ከማጅራቷ የተነሣው ፈር ጭንቅላቷን እየዞረ አናቷ ላይ ተገናኝቷል። አንድም የተሳሳተ መስመር የለበት። በመካነ ሰላም መንገድ ላይ ታፔላዬ በእግሩ ሲሄድ አየሁ! ሠዓሊ ሥራው ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ይኮራል፤ የእኔው ሥራ ገበያውን አቋርጦ፣ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሠርግ ሄደ። በዚያ ኩራት ለተወሰነ ጊዜ ኮፍያዬ ጠቦኝ ነበር።

ታፔላው ተመልሶ ተሰቀለ። ከሠርጉ በኋላ ሴቱ እየጠየቀ መጣ። ሕዝቡም እንደ ልማዱ ስም አወጣለት፤ «ማሳዋ ጋ» ይሉታል። እህቴ ይህን አልተቃወመችም። ባነሩ ከጭቃ ወጥቶ ሲደርስም ከውስጥ፣ ፀጉር መታጠቢያው በኩል ሰቀለችው። ፈረንጇ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ ሥር ገባች።

በቅርቡ ደግሞ ከአቀስታ አንዲት ሴት መጣች። እሷም ከዐረብ አገር ተመላሽ ናት፤ ፀጉር ቤት ልትከፍት ነው፤ ታፔላውን የሣለውን ሰው ፈልጋለች። እኔ እዚያው ደጃፉ ላይ ብሩሽ እያጠብኩ ነው። እህቴ እንዳላየችኝ ሆና ቀጠለች።

«ወላሂ፣ እሱን ማግኘት ቀላል እንዳይመስልሽ። ከአዲስ አበባ ሰዎች እየመጡ ደጅ ይጠኑታል። ትናንት ሁለት መኪና ሙሉ መልሷል።»

ትናንት የመጣብኝ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ብቻ ነበር፤ እሱም መሰላል ሊዋስ። በቤተሰቡ የማጋነን ስጦታ ለእኔ ብቻ የተሰጠ ይመስለኝ ነበር።

«እንግዲያ ስልኩን ስጪኝ» አለች ሴትየዋ። «አንቺ እንደሁ ነገ ተመልሰሽ ትሄጂ ይሆናል፤ በማን በኩል አገኘዋለሁ?»

«ወዴት ነው የምሄደው?» አለች እህቴ። «ለጥር ሙሽሮች ቀጠሮ ይዣለሁ እኮ!»

እናታችን በሩ አጠገብ ፀሐይ ትሞቅ ነበር። ቀና አለች። «ጥር ድረስ አለሽ?»

«ከጥርም ወዲያ አለሁ፣ እማ። አሁን እግርሽን ሰብሰብ አድርጊ፣ ደንበኛ ልታልፍ ነው።»

እናቴ እግሯን አልሰበሰበችም። ተነሥታ የተቀመጠችበትን በርጩማ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ለአቀስታዋ ሴት አቀረበችላት። «ተቀመጪ ልጄ» አለቻት። «ሥዕሉ ቶሎ አይደርስም። እኛ ደግሞ የትም አንሄድም።»