ድንበሩ ላይ የቆመው ጥቁር ዘይት

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ያለው ሰው የኛ ዘመድ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ቆቦ ገበያ ስወጣ ከእህሉ በፊት ሚዛኑን ነው የምመረምረው። ስለዚህ አንድ የውሃ አዋቂ ከጎብዬ መጥቶ የጉድጓዳችንን ቦታ ሊያሳየን ነው ሲባል ሰውየውን ሳላየው ጠላሁት።

ጉድጓዱ ግን የግድ ነበር። ዝናቡ ቀርቶ የአባቴ ሽንኩርት እየጠወለገ ነው፤ አጠገቡ ያለው የአጎቴም እንደዚያው። ሁለቱ ወንድማማቾች በድንበር የተነሳ ሆድና ጀርባ ከሆኑ ቆይተዋል። ለየብቻ እንዳይቆፍሩ የአንዱም ጉልበት አይበቃም። አብረው እንዳይቆፍሩ ደግሞ አንዱ «በኔ መሬት» ሲል ሌላው «በኔ» ይላል። ሽማግሌ ገብቶበት ደክሞት ወጥቷል።

ሰውየው በዚያ ሐሩር ጋቢ ተከናንቦ መጣ። ጋቢው ምን ሊያደርግለት ነው አልኩ በልቤ። ጥቁር ዘይት ያለበት ትንሽ ጠርሙስ አወጣና፣ ከሥር ውሃ ካለ ዘይቱ ይነሳል አለን። ጠርሙሱን ማንም እንዲነካው አልፈቀደም። በአባቴ መሬት ዞረ፤ ምንም የለም። በአጎቴም ዞረ፤ ምንም። ሁለቱን የሚለየው ወሰን ላይ ሲደርስ ግን ጥቁሩ ነገር ጠርሙሱ ውስጥ እንደ ጃርት እሾህ ቆመ። አጎቴ «አላሁ አክበር» አለ። አባቴ አፈሩን በእግሩ ጫር ጫር አደረገ።

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ፤ ያንን እሾህ ለተማሪዎቼ ሳሳይ ኖሬያለሁ። ከወንዝ አሸዋ ጥቁሩን የብረት ብናኝ በማግኔት ለቅሜ፣ አልሜ ፈጭቼ፣ ዘይት ውስጥ እጨምረዋለሁ። ማግኔት ሲቀርብ እያንዳንዷ ብናኝ ራሷ ትንሽ ማግኔት ትሆንና የጎረቤቷን ጫፍ ይዛ ትሰለፋለች። በጣቱ የሚደረድራቸው የለም፤ ከውጭ የመጣው ጉልበት ነው የሚያሰልፋቸው። ማግኔቱ ሲርቅ ሰልፉ ይፈርሳል። ስለዚህ ዓይኔን ከጠርሙሱ አንስቼ ጋቢው ላይ ተከልኩ። ነፋስ ገለጥ ሲያደርገው ከጠርሙሱ ሥር በመዳፉ የያዘውን አየሁት። ጠርዙ የተሸረፈ ማግኔት ነው። የኔው ነበር፤ አባቴ ከአሮጌ ራዲዮው ነቅሎ የሰጠኝ፣ ሣጥኔ ውስጥ የማስቀምጠው።

መጀመሪያ ሌባ ጠረጠርኩ። ግን የሣጥኑ ቁልፍ የት እንዳለ ከኔ ሌላ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። ከጓዳ አገኘኋት፤ አልካደችም። ሰውየው ከጎብዬ ገበያ የምታውቀው ነው፤ ጠርሙሱንም ማግኔቱንም ከሣጥኔ አውጥታ የሰጠችው እሷ ናት። ጎረቤቶቻችን የትም ቆፍረው ውሃ ስላገኙ ቦታው አላሳሰባትም።

«ታዲያ ለምን ይታለላሉ?» አልኳት።

«ወንድም ለወንድሙ አይሸነፍም፣ ልጄ። ለጠርሙስ ግን ይሸነፋል። አብሽሪ፣ ዝም በይ።»

ዝም አልኩ እንጂ አላመንኩም። ቁፋሮው ተጀመረ። ሰውየው ወደ አገሩ ሄዷል፤ ማግኔቱ ወደ ሣጥኔ ተመልሷል፤ አሁን ይበተናሉ እያልኩ እጠብቅ ነበር። አባቴ ጉድጓዱ ውስጥ፣ አጎቴ ከላይ ገመዱን ይዞ። ወንድሙን ሰላም የማይል ሰው የወንድሙን ነፍስ በእጁ ይዟል። ፈራሁ፤ የአጎቴን እጅ እያየሁ ዋልኩ።

ውሃው ወጣ። አባቴ ጭቃ ለብሶ ሲወጣ በጣሳ ቀድቼ ሰጠሁት። አጎቴ ወደ ሽንኩርቱ ዘወር እስኪል አባቴ ጠበቀና ጠጋ አለኝ።

«ያ የተሸረፈው ብረትሽ ተመለሰልሽ?»

ደነገጥኩ። «እያወቅህ ነው ወይ ጉድጓድ የገባኸው?» አልኩት።

«ገመዱን የያዘልኝ ጠርሙሱ መሰለሽ? ወንድሜ ነው» አለኝና ጣሳውን ሞልቶ ለአጎቴ ወሰደለት። እኔ ግን አጎቴ ጠጥቶ ጣሳውን እስኪመልስለት ድረስ ዓይኔን ከእጁ አላነሳሁም።