መካን ሙዝ የተባለው ኮባ

ልጆቹ «እማዬ፣ አጥሩ ላይ ስለተሳለው ኮባ ንገሪን» ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ እነሱ ይጽፋሉ። ወሬዬ ከመንገድ ከወጣ ታገሡኝ። እግሬም እንደዚያው ነው፤ ለሽንኩርት ወጥቼ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ደርሼ እመለሳለሁ።

ከሰፈራችን በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ ነበር። ተባብረን ጠርገን አትክልት ተከልንበት። እኔ ጎመንና ጤና አዳም፣ ጎረቤቴ ደግሞ ኮባ። የጉራጌ ልጅ ናት፤ ችግኙን ከአገሯ በጆንያ ጠቅልላ ነው ያመጣችው። ልጅ አልወለደችም። ይህን ፊት ለፊት የሚያነሳባት የለም፤ እኔም በዚያ ሁሉ ጉርብትና አንስቼባት አላውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሥዕል የተማረች የሰፈራችን ልጅ የተራረፈ ቀለም ይዛ መጣች። «ስለተከላችሁት አውሩልኝ፤ እኔ ቆርቆሮው አጥር ላይ እነድፋለሁ፣ እናንተ ትቀባላችሁ» አለችን። የእኔን ሥዕል ያዩ አንድ ሽማግሌ «ይሄ ጎመን ነው ጃንጥላ?» አሉኝ። «ዝናብ ሲመጣ ያዩታል» አልኳቸው። ተሳቀ፤ እኔም ሞቅ አለኝ። የጎረቤቴ ተራ ሲደርስ አፌ ቀደማት።

«የሷማ መካን ሙዝ ነው! ስንት ዓመቱ፣ አንድ ፍሬ እንኳ አላሳየን!»

ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ እሷን ሲያዩ ሁሉም ወደ ቀለሙ አጎነበሰ። ያልኩት የገባኝ ያኔ ነው። እሷ ብሩሹን እንደያዘች «አሜን! መካን ያድርግልኝ» አለች።

ለካ ልጅቱ ከየሥዕሉ ሥር የተናገርነውን ጽፋዋለች። እኔ ምን አውቄ፤ ጌጥ ይመስለኛል። በሳምንቱ አንድ መንገደኛ ቆሞ «መካን ሙዝ» ብሎ ሲያነብ ሰማሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሮጬ ልጅቱን «ባክሽ ደምስሺልኝ» አልኳት።

«እማማ፣ የኮባውን ባለቤት ራሳቸውን ጠይቄያቸው ነበር። ‹ተዪው፣ እንዳለ ይኑር› አሉኝ።»

ቂም ይዛብኛለች አልኩ በሆዴ። እሷ ጠዋት ስታጠጣ እኔ ከሰዓት መሄድ ጀመርኩ። ስንቴ ይቅርታ ልጠይቅ ደጇ ደርሼ፣ ስለ ውሃ መጥፋት አውርቼ ተመልሻለሁ። ኋላ የተከራየችው ቤት ተሸጠና ወደ አስኮ ሄደች። ዕቃዋ ሲጫን፣

«ምነው ጠፋሽብኝ?» አለችኝ።

«ሥራ በዝቶብኝ» አልኳት። እኔ ደግሞ ምን ሥራ አለኝ!

ክረምቱ ሳይወጣ መርዶዋ መጣ። ለቅሶ ቤት ከዘመድ በላይ አለቀስኩ። ሰው ሁሉ ለእሷ መሰለው፤ ግማሹ ግን ስለ አፌ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ቀራንዮ በኩል ስዞር ደክሞኝ ቆጮ የምትሸጥ ሴት ደጅ አረፍ አልኩ። ግቢዋ ውስጥ አንድ ኮባ ከአናቱ ትልቅ አበባ አውጥቶ ተንዠርግጓል። እንዲህ ሆኖ አይቼ አላውቅም።

«እሰይ፣ አፈራልሽ» አልኳት።

«ምኑ እሰይ ነው እናቴ» አለችኝ። «ኮባ አንዴ ካበበና ካፈራ ይሞታል። በሕይወት የሚቆየው ያላፈራው ነው።»